ለደሴ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፦ ፎቅ ወይስ ግቢን የከበበ ቤት?

በጦሳ ተራራ ሥር ለምትገኘው ደሴ የማንበቢያ ስፍራ ብቻ ሳይሆን የነዋሪው መሰባሰቢያም የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ሲታሰብ፣ ሁለት አማራጮች ጎልተው ይታያሉ፦ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ፣ ወይም ግቢን ከብቦ የሚሠራ ባለ አንድ ወለል ቤት።

ፎቁ መሬት ይቆጥባል፤ ተዳፋት በበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጫጫታንም ከንባብ ለመለየት ያመቻል፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው በፊንላንድ ዋና ከተማ የሄልሲንኪ ቤተ መጻሕፍት የሆነው ኦዲ የምድር ወለሉን ለሕዝብ መገናኛ፣ መካከለኛውን ለእጅ ሥራና ለስቱዲዮ፣ የላይኛውን ለመጻሕፍት መድቧል። ይሁንና መጽሐፍ ከባድ ነው። በአሜሪካ የግንባታ መስፈርት ለንባብ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር 2.9 ኪሎ ኒውተን (አንዱ የ100 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው) ገደማ ጭነት ሲታሰብ፣ ለመጻሕፍት ማከማቻ ክፍል ግን 7.2 ያህል ይታሰባል፤ ስለዚህ መጻሕፍቱ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ምሰሶው ይወፍራል፣ ወጪውም ይንራል። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ሲቆም ደግሞ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት ከታች ይቀራሉ፤ ይህ ለእኔ ከወጪው ይልቅ ያሳስበኛል።

በግቢው ቤት ጭነቱን መሬቱ ይሸከመዋል። ዙሪያውን የሚሄደው ሰፊ በረንዳ በክረምት ዝናብ ሰውን ከክፍል ወደ ክፍል ያሻግራል፤ ለሰኞ ገበያ ከገጠር የመጡ እናትም ማንንም ሳያስፈቅዱ አረፍ ብለው፣ ልጃቸው ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ሊጠብቁት ይችላሉ። ችግሩ የግቢው ድምፅ ወደ ንባብ አዳራሹ መግባቱና የመሬቱ እርጥበት ነው። የመጀመሪያው ችግር አዳራሹን ከበሩ አርቆ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በመሥራት ይቀንሳል፤ ለሁለተኛው ወለሉን ከፍ ማድረግና የታችኛውን መደርደሪያ ከወለሉ ማራቅ ያስፈልጋል። ቦታው ከተገኘ ምርጫዬ ይኸው የግቢ ቤት ነው።