ክሬሲዳዬና 1ጄዜድ ሞተሯ፦ ከ14 ወርና ከ9,000 ማይል በኋላ

የአሮጌዋን ቶዮታዬን ሞተር አውጥቼ፣ 1ጄዜድ በሚባል ሌላ የቶዮታ ሞተር ቀይሬላታለሁ። መጀመሪያ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ። አዎ፣ ትሄዳለች። አዎ፣ ዳገት ላይ ታስደስታለች። ጠቅላላ ወጪውን ግን ባለቤቴ እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላስታወስኳትም።

መኪናዋ የ1990 ቶዮታ ክሬሲዳ ናት። ሳዑዲ የኖረ ሰው ክሬሲዳ ሲባል ፊቱ ይፈካል። እኔ የምኖርበት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ግን የጡረተኛ መኪና ናት፤ በርካሽ ያገኘኋትም ለዚያ ነው። ይዛው የመጣችው 7ኤም-ጂኢ ሞተር 3 ሊትር ሲሆን 190 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አንድ የታወቀ በሽታ ባይኖርበት ጥሩ ሞተር ነው። የቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ቡሎኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በሚገባ ስላልጠበቁ፣ ጊዜውን ጠብቆ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ይበላል። የእኔም አልቀረለትም። አንድ ጠዋት የዘይት መለኪያውን ስመዘው ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ መስሎ ወጣ።

ጓርኒሲዮን ቀይሮ መቀጠል ይቻል ነበር። ጤነኛ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። የእኔ ችግር አንድ ነገር ማወቄ ነው። ይህችው መኪና ጃፓን ውስጥ ማርክ ቱ ትባላለች፤ ከ1990 ጀምሮም 1ጄዜድ-ጂቲኢ ተገጥሞላት ትሸጥ ነበር። 2.5 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ሁለት ትንንሽ ቱርቦ (አየር እየጨመቁ ወደ ሞተሩ የሚያስገቡ)፣ ወረቀት ላይ 280 የፈረስ ጉልበት። እንግዳ ሞተር ሳይሆን የእህቷን ልብ ነው የሰጠኋት። ቢያንስ ራሴን ያሳመንኩት እንደዚያ ብዬ ነው።

ሞተሩን ከነካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ከነሽቦውና ከነኮምፒውተሩ በ5,200 ዶላር ገዛሁ። ካምቢዮው አር154 የሚባለው ባለ 5 ማርሹ ነው። ሻጩ «ብዙ ያልሄደ ነው» አለኝ። ብዙ የሄደ ሞተር የሚሸጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጋራዥ እንደገባ ኮምፕረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ፣ ለካሁ። ስድስቱም ሲሊንደር 130 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ አነበቡ። ሰዎች የሚጽፉት ደግሞ 155 እና 160 ነው። ተሸወድኩ ብዬ ስልኬን አነሳሁ።

ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው ነበር። አዲስ አበባ የራሳቸው ጋራዥ ነበራቸው፤ እዚህ ልጆቻቸው ጋ ከመጡ ወዲህ የእኔ ጋራዥ ሆኗል ጋራዣቸው።

«የት ሆነህ ነው የለካኸው?» አሉኝ።

«እዚሁ ነዋ ጋሼ።»

«እነዚያስ የት ሆነው ለኩ? ባሕር ዳር ቁጭ ብለው! እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ልጄ። ቁጥሩን ተወውና፣ ስድስቱ ይቀራረባሉ?»

ይቀራረባሉ። ትንሹ 128፣ ትልቁ 132። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቺንጊያውን፣ የውሃ ፖምፓውን፣ የፊትና የኋላ የዘይት ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ። ይሄን አትዝለሉ። መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ሥራ ሦስት እጥፍ ነው። ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ ዘይት የሚይዘውን ኮፓውንም አስተውሉ። ቅርጹ ሞተሩ እንደወጣበት መኪና ይለያያል፣ የማይሆነው ከመጣላችሁ ሞተሩ ቦታው ላይ አይቀመጥም።

የፍሪሲዮን ፔዳል መግጠም፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ በልኩ ማሠራት፣ የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ማስቀመጥ፦ አድካሚ ነው፣ ግን የሚታይ ሥራ ነው። ቀኑ ሲመሽ የሠራችሁትን ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ሽቦ እንደዚያ አይደለም። ስድስት ሳምንት የበላብኝ ሽቦ ነው። ለዚሁ ቅያሪ ተብሎ የተዘጋጀ፣ «ሰክቶ መንዳት ብቻ» የተባለ የሽቦ ስብስብ ከአንድ ሱቅ በ700 ዶላር አዘዝኩ። ሰካሁት። ሞተሩ ተነሳ፣ ሦስት ሰከንድ ዞረና ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁት፣ ደግሞ ጠፋ። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ አየሁ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የቤንዚን ፖምፓ ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት! መጨረሻ ላይ በመፈተሻ መብራት አንድ በአንድ ስሄድ የፖምፓው ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማብሪያ) ሽቦ ሶኬቱ ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ሱቁን ብጽፍለት «ሌላ ሰው ቅሬታ አላቀረበም» አለኝ።

በነገራችን ላይ፣ ቋንቋውም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጋሼ የሚያውቁት ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ ነው። ጣልያን ጥሎልን የሄደው ነዋ። አንድ ቀን ብቻቸውን መለዋወጫ ሱቅ ሄደው «ካንዴላ» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጁ ወደ ሻማ መሸጫ ጠቆማቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማም ስለሆነ፣ ከቃሉ አመጣጥ አንጻር ልጁ አልተሳሳተም።

አሁን ወደ አነዳዷ። ከኦሮራ ተነስታችሁ አይ-70 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስትወጡ አይዘንሃወር ዋሻን ታገኛላችሁ፤ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከእንጦጦም በላይ። በድሮው ሞተር እዚያ ዳገት ላይ የጭነት መኪኖች ተርታ ገብቼ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ በ45 ማይል እሄድ ነበር። አሁን በአራተኛ ማርሽ 65 ይዛ ትወጣዋለች፣ ሲያስፈልግም ትቀድማለች። ለእኔ የዚህ ሁሉ ልፋት ዋጋ እሱ ነው።

ግን ቱርቦ ከፍታን ያጠፋዋል የሚሏችሁን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ 14.7 ፒኤስአይ ነው። ዴንቨር አካባቢ 12.1 ገደማ ይሆናል፤ ዋሻው አፍ ላይ 9.7 ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ዋሻው ጋ ሲደርስ ሲሶ አየሩን አጥቷል። የእኔው ቱርቦ 10 ይጨምራል። ባሕር ወለል ላይ 24.7 የሚያገኘው ሞተር እዚያ ላይ 19.7 ያገኛል፤ ያጣው አንድ አምስተኛውን ነው። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የሲሶና የአንድ አምስተኛ ልዩነት ግን ዳገት ላይ በእግር ይታወቃል።

«ግፊቱን ለምን ከፍ አታደርገውም?» የሚለኝ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ 1ጄዜድ ቱርቦዎች በጭስ በኩል ያለው የሚሽከረከረው ክፍላቸው ሴራሚክ ነው። ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። ነገር ግን ግፊትና ሙቀት ሲበዛበት ይሰበራል። ሴራሚክ ተሰብሮ የሚሄድበትን ማሰብ አልፈልግም። 10 ላይ ትቼዋለሁ።

የካቲት ላይ አንድ ማታ ቤት ስደርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ ሳበራ፣ ከኋለኛው ቱርቦ የዘይት መመለሻ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጠብ አለ፣ የጋለው ቱቦ ላይ ሲያርፍ ጭስ ሆነ። አስር ሰከንድ ቆይቶ ሌላ። ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት። የዚያ ቦታ ጓርኒሲዮን 6 ዶላር ነበር፣ አሮጌውን መልሼ ገጥሜው ነበር። አንድ ሙሉ ቅዳሜ አከሰረኝ። ጋሼ ያን ቀን ምንም አልተናገሩኝም፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

የቤንዚን ፍጆታ በረጅም መንገድ በጋሎን 22 ማይል፣ ከተማ ውስጥ 16 ነው። እዚህ ማደያ ላይ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ ለቱርቦ እሱን አታስቡት፣ ሁሌም 91 ነው የምሞላው። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፣ በትራፊክ ግራ እግሬን ይጨርሰኛል። ኤሲው እስካሁን አልተገናኘም። ሐምሌ ላይ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ አብራኝ ወጣች።

ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ከሆነ አትድከሙ። እዚያ የጭስ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ተሸጦ የማያውቅ ሞተር አያሳልፍም። ሌላ ቦታ ያላችሁም ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ፣ በኋላ አይደለም።

ድጋሚ ብሠራው ሞተሩን ያንኑ እገዛለሁ። በ9,000 ማይል ውስጥ ሞተሩ ራሱ አንድ ቀን አላስቸገረኝም፤ ያስቸገሩኝ ሁሉ በዙሪያው ያሉት ናቸው። የሽቦውን ስብስብ ግን አልገዛም፣ የሞተሩን ሽቦ ራሴ እያነበብኩ እሠራዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ካምቢዮው ብርድ ሲሆን ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይንጫጫል፤ ሞቅ ሲል ይተዋል። እኔ ዘይት ቀይሬ ልይ ባይ ነኝ። ጋሼ «ሲንክሮው አልቋል፣ ይውረድ» ብለዋል፣ ማርሾቹን የሚያስማማውን ቀለበት ማለታቸው ነው፤ ቅዳሜ ክሪካቸውን ይዘው ይመጣሉ።