ባህር ዛፋችንን ድኩላውንና ሚዳቋውን ሳያፈናቅሉ ለቆረጡልን አለቃ የቀረበ ምስጋና

በሐረጎ ተዳፋት ላይ የሚገኘውን የእናቴን ባህር ዛፍ በዚህ በጋ የቆረጡልንን የቆራጮች አለቃና አብረዋቸው የሠሩትን ልጆች በእናቴና በመላው ቤተሰባችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በደሴ ዙሪያም ሆነ በኮምቦልቻ በኩል ዛፍ ማስቆረጥ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ ግን አገናኘዋለሁ። የማመሰግናቸው ሥራው ቶሎ ስላለቀ ወይም አጣናው ጥሩ ዋጋ ስላወጣ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራው ካሰብነው በላይ ቆይቷል። የማመሰግናቸው በይዞታው ውስጥ የሚኖሩትን ድኩላና ሚዳቋ ለአዳኝ አጋልጠው ሳይሄዱ ስለቆረጡልን ነው።

ባህር ዛፍ ያለው ሁሉ የተለመደውን አሠራር ያውቀዋል። ነጋዴው ዛፉን በቁሙ በጅምላ ይገዛና በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳገቱን ከላይ እስከ ታች ያራቁተዋል፤ ለሠራተኛ እንዲመች ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ግንድ የሚጎተትበትን መንገድ ያወጣል፤ የተረፈውን ቅርንጫፍ አቃጥሎ ይሄዳል። አደኑ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድኩላ ቀኑን በጥሻ ውስጥ አሳልፎ ሲመሻሽና ሊነጋጋ ሲል ቅጠል ለመቀንጠብ የሚወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው፤ እናቲቱም ግልገሏ እስኪጠነክር ድረስ ጥሻ ውስጥ ደብቃ እየተመላለሰች ታጠባዋለች። ሚዳቋም አደጋ ሲመጣባት መጀመሪያ መሬት ላይ ተለጥፋ ታደባለች እንጂ ወዲያው አትሮጥም። የሁለቱም መከላከያ መደበቅ ነውና ጥሻው ሲጠፋ መከላከያቸው አብሮ ይጠፋል። የቀሩት ወደ አንድ ፈፋ ይጨመቃሉ፤ ወጥመድ የሚዘረጋ ሰውም የሚያልፉበትን መንገድ ለመፈለግ አይደክምም። ለግንድ መጎተቻ የተከፈተው መንገድ ደግሞ ውሻ ይዞ ለሚመጣው ሁሉ በር ይሆናል። በአቅራቢያችን በአንድ ይዞታ ላይ ዛፉ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የሆነው ይኸው ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ የድኩላ ድምፅ ከዚያ በኩል መሰማቱ አቆመ።

መሬቱ በይዞታችን ሥር ስለሆነ በውስጡ ያለውን እንስሳ ማደን መብታችን የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነገረኝ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር። በእነርሱ ዘንድ የግል መሬት ያላቸው ሰዎች በአደን ወቅት ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ያድናሉ፤ ጫካ መቁረጥ አደኑን እንደሚያሻሽለውም ይናገራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዛፉ ሲነሳ ፀሐይ መሬት ትደርሳለች፤ ከጉቶውና ከመሬቱ የሚወጣው ለጋ ቅጠል አጋዘኑ በሚደርስበት ቁመት ላይ ስለሚሆን ለጥቂት ዓመታት መኖው ይትረፈረፋል። ገና ቆረጣው ሳያልቅ እንኳ አጋዘኖቹ ማታ ማታ እየመጡ የወደቀውን የዛፍ ጫፍ ይበላሉ። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን አዲሱ ዛፍ አድጎ ጥላውን ይዘጋና ከሥሩ ያለው መኖ ይመናመናል፤ ስለዚህ አዋቂ ባለመሬቶች ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይቆርጡም፤ በመኸር ወራት ፍሬው የሚበላውን የኦክ ዛፍም ይተዋሉ።

ይህን ለአለቃው ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና «የእነርሱ ጉቶ የሚበላ ቅጠል ያወጣል፤ የባህር ዛፍ ጉቶ ምን ያወጣል?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ማንም የወሎ እረኛ ያውቀዋል፤ የባህር ዛፍ ቅጠል ፍየልም አትነካው። በእኛ ዳገት ላይ ድኩላን የሚመግበው ባህር ዛፉ ሳይሆን በሥሩና በዳር ዳሩ የበቀለው ቀጋ፣ አጋም፣ እንጆሪና የወይራ ችግኝ ነው። ነጋዴ የሚመነጥረው ደግሞ ይህንኑ ነው። አለቃው ጫካ ውስጥ አድገው በእጃቸው የተማሩትን፣ እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያላገኘሁትን ነገር በአንድ ጥያቄ አስጨበጡኝ።

ይዞታውን ሊያዩ የመጡ ቀን ዛፍ መቁጠር አልጀመሩም። ጎንበስ ብለው በጠጥና ኮቴ እየተከተሉ እስከ ፈፋው ወረዱና እንስሶቹ ውኃ የሚጠጡት በየት በኩል እንደሆነ እናቴን ጠየቋት። ከዚያ በኋላ ቦታውን በሦስት ከፍለው ዘንድሮ የላይኛውን ብቻ እንደሚቆርጡ፣ ቀጣዩን የሚነኩት የመጀመሪያው ጉቶ ያወጣው ቡቃያ ከሰው ቁመት ሲያልፍ እንደሆነ፣ የፈፋውን ግራና ቀኝ ግን ጭራሽ እንደማይነኩት ተናገሩ። በመካከል ያሉትን ጥቂት የሐበሻ ጥድና ወይራዎች ልጆቹ በስህተት እንዳይመቷቸው በነጭ ጨርቅ አሰሩባቸው።

አቆራረጣቸው ሊታይ የሚገባው ነው። ዛፉ እንዲወድቅ ወደሚፈለግበት ወገን መጀመሪያ ጎድ ያለ ቁርጥ ይሰጡታል፤ በገመድ ያስይዙታል፤ ከዚያ በጀርባው በሞተር መጋዝ ይገቡበታል። በዚህም ሁሉም ዛፍ ወደተራቆተው ወገን ስለወደቀ ከጎኑ ያለው አጋም አልተጨፈለቀም። ጉቶውን ከመሬት ከአንድ ስንዝር ሳያስበልጡ ውኃ እንዳይቋጥር ዘመም አድርገው ይቆርጡታል፤ ልጡን አይሸረክቱትም፤ ቡቃያው ጠንክሮ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መጋዝ አያስነሱም፤ 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሥራ ያቆማሉ፤ ማለዳና ምሽት የእንስሶቹ ሰዓት ነው ይላሉ። ከሠራተኞቹ ማንም ውሻ ይዞ እንዳይመጣ ከልክለዋል። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ በፈፋው መንገድ ላይ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ወጥመድ አግኝቶ ሲያሳያቸው ሥራውን በሙሉ አስቁመው ሁሉንም ልጆች ዳር ዳሩን አስፈተሹ፤ ሌሎችም ተገኙ።

ቅርንጫፉን አላቃጠሉም። ለእናቴ ማገዶ የሚሆነውን ለይተው ጭራሮውን በየቦታው ከመሩት፤ ክምሩ ለሚዳቋ መሸሸጊያ፣ ለተዳፋቱም አፈር መያዣ ሆኗል። የመጨረሻው ግንድ በወጣ ዕለት ደግሞ ያላዘዝናቸውን፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግንበትን ሥራ ሠሩ። ግንዱ የተጎተተበትን መንገድ በቀጋ እሾህና በቅርንጫፍ ከሁለቱም ጫፍ ዘጉት። እናቴ «አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ» ስትላቸው ልጆቹ «አሚን» አሉ፤ እርሳቸው ግን ሂሳቡን ማስላት ጀምረው ነበር።

ከሒሳቡ ጋር በተያያዘ እውነቱን መናገር ይገባኛል። ዋጋቸው ከሌላው ይበልጣል። ዛፉን በቁሙ ገዝቶ በአንድ ጊዜ ገንዘቡን ለሚቆጥር ነጋዴ ብንሸጠው ኖሮ ለእናቴ የሚደርሰው ገንዘብ ዘንድሮ ሙሉ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን በሦስት ጊዜ የሚመጣ ነው። ለልጅ ሠርግ ወይም ለሕክምና አስቸኳይ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው እርሳቸውን ቢቀጥር ይጉላላል። ስልክም ቶሎ አያነሱም፤ በተለይ አርብ ከቀትር በፊት መደወል ከንቱ ድካም ነው።

መቁረጥ የሚፈልግ ሰው ጥቅምት ሳያልፍ ቢያናግራቸው ይሻላል፤ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሲጠነክር፣ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ፣ ሥራ ስለሚበዛባቸው አያገኛቸውም። የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ከወረዳው አስቀድሞ ያውጣ፤ ፈቃድ ሳያዩ መጋዝ አያስነሱም፤ ያለ ወረቀት የተጫነ አጣና ኬላ ላይ ሲያዝም ጣጣው ለባለቤቱ ነው። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ ወይም ወይራ ቁረጡልኝ የሚል ሰው ግን ባይደውልላቸው ይመረጣል።

የሁለተኛውን ክፍል ቆረጣ ለእርሳቸው ከወዲሁ ሰጥተናል።