ደሴ ውስጥ ድግስ ላላችሁና ምግብ ቤት ለምታስተዳድሩ፦ ስለ አንዲት የአካባቢ ጤና ባለሙያ

በ2013 ክረምት ማብቂያና በ2014 መባቻ፣ ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያና ከአካባቢው በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የደሴን ትምህርት ቤቶች በሞሉበት ወቅት፣ በአንደኛው መጠለያ የምግብ ማብሰያውን ካስተባበሩት የሰፈር ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ማብሰያውን በየቀኑ ትቆጣጠር የነበረችውን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ለማመስገን ነው፤ ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ስላለችኝ አልጠቅስም።

የተራበ ሰው ፊት "ይህ አይበላም" ማለት ከባድ ነው፤ ሰጪን ማስቀየም ደግሞ በእኛ ዘንድ ከዚያም ይከብዳል። አንድ ጠዋት የእርዳታ ዱቄት ስናወርድ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ሰደደችና "ይሞቃል" አለች። ከላይ ነጭና ደረቅ የሚመስለው ዱቄት ዝናብ ገብቶበት መሃሉ ተጓጉሎ ሻግቶ ኖሯል። ሻጋታው የሚተወው መርዝ ቢነፋም ቢጋገርም እንደማይጠፋ ለእኛ ለብቻችን አስረድታ 6 ጆንያ አስወገደች፤ ያመጡትን ሰዎች ግን መርቃ ሸኘቻቸው።

ከገጠር በመዋጮ በመጣው የሽሮ እህል ውስጥ ማዕዘን ያላቸውን ፍሬዎች ለቅማ መዳፏ ላይ ያሳየችንም እሷ ናት፤ ጓያ ነበር። በደላንታና በዳውንት በችግር ዘመን ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው መሽመድመዱን አስታውሳ፣ ጉዳቱ የሚመጣው ለሳምንታትና ለወራት እሱኑ ሲመገቡ ስለሆነ እህሉን ሳታስጥል በየቀኑ እንዳይሠራና ከሌላ እህል ጋር እንዲደባለቅ አደረገች። የቦቴ ውሃ ሲመጣም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምረን 30 ደቂቃ ሳንጠብቅ ማንም እንዲቀዳ አትፈቅድም ነበር። ያደረ ወጥ ስታስደፋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ አጉረምርሜባታለሁ፤ በዚያ ሁሉ መጨናነቅ መካከል መጠለያችን የተቅማጥ ወረርሽኝ ሳይገባበት መቆየቱን ሳይ ነው ያፈርኩት።

ዛሬም በዚያው ሥራዋ ላይ ናት። ሰርግ፣ ተዝካር ወይም ሰደቃ ያላችሁ፣ ምግብ ቤት የምትከፍቱም፣ ቀኑ ሳይደርስ በየአካባቢያችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የአካባቢ ጤና ባለሙያ እንዲጎበኛችሁ ጠይቁ። የምትደርሳችሁ እሷ ከሆነች ቀድማ የምታየው ወጡን ሳይሆን የእጅ መታጠቢያውን ነውና ሳሙናውን አስቀምጣችሁ ጠብቋት።