ከተጠቀለለ አንሶላ ወደ ጄል፦ ለኦፕሬሽን ክፍላችን የተገዛው ዕቃ ዓመት ተኩል ሲሞላው

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። ሰው ሥራዬን ሲገምት «ለዶክተሩ መቀስ ማቀበል» ይለኛል። እሱም አለ። እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ በሽተኛውን የምናስተኛበት ጊዜ። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው «ክንዴን ተጫናችሁኝ» አይልም። «አንገቴ ተጣመመ» አይልም። እኛ ቤታችን ተኝተን አንድ ጎናችን ሲደነዝዝ ሳናውቀው እንገላበጣለን፤ እሱ ግን አምስት ስድስት ሰዓት እኛ ባስተኛነው መልክ ይቆያል። ስለዚህ ራሱ የሚያርፍበት፣ ክንዱ የሚዘረጋበት፣ ደረቱ የሚደገፍበት ነገር ለእኔ ከመቀሱ አያንስም።

ከዓመት ተኩል በፊት ሆስፒታላችን የጄል ዕቃዎች ገዛ። ክብ የራስ ማሳረፊያ ለአዋቂና ለሕፃን፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ ራስ መደገፊያ (እኛ ሆርስሹ እንለዋለን)፣ ሁለት ረጃጅም የደረት ሮል፣ የክንድ ማስቀመጫ ንጣፍ፣ የተረከዝ ማቀፊያ። ለብቻው ደግሞ በሆድ ለሚተኛ ሰው የሚሆን፣ ለዓይን፣ ለአፍንጫና ለአፍ የተቆረጠ የፊት ፎም ከነመስታወቱ። ልግዛ አልግዛ ብላችሁ የምታስቡ የሥራ ባልደረቦች ስላላችሁ ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።

ከዚያ በፊት የምንሠራው በአንሶላ ነበር። አንሶላ ጠቅልለን በፕላስተር አስረን ደረት ሥር እናስገባለን። ጥጥ በፋሻ ጠምጥመን የራስ ቀለበት እንሠራለን። ሲቸግረን የግሉኮስ ከረጢት በፎጣ ጠቅልለናል፣ ጓንት ውኃ ሞልተን ከተረከዝ ሥር አድርገናል። በዚህ ብዙ ሰው ታክሞ ወደ ቤቱ ስለገባ አልንቀውም። ችግሩ፣ አንሶላ ይጨማደዳል፣ በደምና በአዮዲን ይርሳል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ እንጨት ይደርቃል። ጠዋት የጠቀለልሽው ከሰዓት የጠቀለልሽውን አይመስልም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ በሽተኛው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ከክቡ የራስ ማሳረፊያ ልጀምር። የአዋቂ ራስ ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ክብደት ማጅራት ላይ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ለሰዓታት ካረፈ እዚያ ያለው ቆዳ ደም ያጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ፀጉሩ በክብ ይረግፋል። ጄሉ የሚጠቅመው ክብደቱን በሰፊው ስለሚያከፋፍለው ነው፤ አስማት የለውም። ረጅም ኦፕሬሽን ከሆነ አሁንም ማደንዘዣ ባለሙያው ራሱን በየጊዜው ቀና አድርጎ ማዟዟር አለበት። እኔ በዚህ ዕቃ በጣም ረክቻለሁ። አይንሸራተትም፣ አንገት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባም ራስ አይወዛወዝም።

እዚህ ላይ የትኛውም የዕቃ መመሪያ ውስጥ የማታገኙትን ልንገራችሁ። የእኛ በሽተኞች ሹሩባ ተሠርተው ይመጣሉ። ወፍራም ሹሩባ ማጅራት ላይ ተቋጥሮ ከሆነ ጄሉ ምንም ቢለሰልስ ቋጠሮው ከታች እንደ ጠጠር ነው። አንድ ቀን ኦፕሬሽን ጨርሰን ራሷን ቀና ሳደርግ የሹሩባው መስመር ቆዳዋ ላይ እንደ ገመድ ተቀርጾ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ከዋዜማው ዋርድ ድረስ ሄጄ ቋጠሮው እንዲፈታ እጠይቃለሁ። ማተብም እንዲሁ። በሆድ የሚተኛ ሰው አንገቱ ላይ የእንጨት ወይም የብር መስቀል ካለ ደረቱና ሮሉ መሃል ይቀረቀራል። «ማተቤን እንዳትበጥሱብኝ» የሚሉ እናቶች አሉ፣ እውነት አላቸው። መበጠስ አያስፈልግም፤ አስፈቅደን ፈተን ለቤተሰብ እንሰጣለን፣ ወይም ምንም መርፌ የሌለበት እጅ ላይ ላላ አድርገን እናስራለን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ በሆድ ማስተኛት። የአከርካሪ ኦፕሬሽን የሚሠራበት ክፍል ያለ ሁሉ ጭንቀቱን ያውቀዋል። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ማደንዘዣ ይወስዳል፤ ከዚያ አምስት ስድስት ሆነን እንገለብጠዋለን። ራሱንና ቱቦውን የያዘው ማደንዘዣ ባለሙያ ስለሆነ የሚያዘውም እሱ ነው፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ብቻ ነው የምንንቀሳቀሰው። ከተገለበጠ በኋላ ያለው ጥያቄ ፊቱ የት ይረፍ የሚለው ነው።

ሆርስሹው ግንባርና ጉንጭ ላይ ይደግፋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ንቃት ይፈልጋል። ሐኪሙ አጥንት ሲሠራ ሰውነት ይነቃነቃል፤ ራስ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተንሸራተተ የጄሉ ጠርዝ ዓይን ላይ ይመጣል። ዓይን ላይ ግፊት ካረፈ ወደ ረቲና (ብርሃን ወደሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ሰውየው ጀርባው ተሠርቶለት አንድ ዓይኑ ጨልሞ ሊነቃ ይችላል። ይህ የማይመለስ ጉዳት ነው። ለዚህ ነው የፊት ፎሙን ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት። ዓይን ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚሆነው፣ ቱቦውም በጎን በተቆረጠለት መስመር ይወጣል። ከታች ያለው መስታወት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ በእጃችን እየዳበስን ነበር የምንገምተው፣ አሁን ጎንበስ ብለን ሁለቱንም ዓይን እናያለን። እኛ በየ15 ደቂቃው አይተን ሰዓቱን እንጽፋለን።

ግን ፎሙን ገዛን ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የአሜሪካ አንስቴዚዮሎጂስቶች ማኅበር ከኦፕሬሽን በኋላ ዓይናቸው የጠፋባቸውን ሰዎች መዝግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ሪፖርት ውስጥ ከ93 የአከርካሪ ኦፕሬሽኖች በ83ቱ ጉዳቱ የደረሰው የዓይን ነርቭ ደም በማጣቱ ነው፤ የረቲናው ደም ሥር የተዘጋባቸው 10 ብቻ ነበሩ። ማለትም አብዛኛው ዓይን ላይ በሚያርፍ ግፊት የመጣ አይደለም። ስለዚህ ራስ ከልብ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል፣ ደም ግፊቱ እንዳይወርድ ይጠበቅ፣ የፈሰሰው ደም ይተካ። ይህን ፎም አይሠራላችሁም።

የደረት ሮሎቹ ሁለተኛው ምርጫዬ ናቸው። ከትከሻ ሥር ጀምረው እስከ ዳሌ አጥንት ይደርሳሉ፣ መሃላቸው ባዶ ነው፣ ሆድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ሆድ ላይ ነው። ሆድ ከተጫነ ትልቁ ደም መላሽ ሥር ይጨመቃል፤ ደሙ መሄጃ ሲያጣ በአከርካሪው ዙሪያ ባሉ ሥሮች በኩል ይመጣል፤ ሐኪሙ የሚሠራበት ቦታ ደም በደም ይሆናል። የቶሮንቶዎቹ ሬልተንና ሆል እ.ኤ.አ. በ1967 በአራት ነጥብ የሚደግፍ ፍሬም ሠርተው ያሳወቁት ይህንኑ መድማት ለመቀነስ ነበር። እኛ ሮሎቹን ካስገባን በኋላ እጃችንን ከሆድ ሥር እንሰዳለን፤ እጅ በነፃ ካለፈ ጥሩ ነው። የሴት ጡት ወደ መሃል ገብቶ ሳይታጠፍ፣ የወንድ ብልት ሳይጫን መሆኑን አንድ ሰው ስም ተጠርቶለት ያያል። ሰው ያፍርና ዝም ይላል፤ ማፈር አያስፈልግም።

የክንድ ንጣፉ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። እኔ ግን አንዲት ሴት አልረሳም። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ቦታ ስሠራ፣ ሆዷን ተሠርታ በሰላም ወጣች። ለክትትል ስትመጣ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። «ሲስተርዬ፣ ሹሩባ ስሠራ ትንሿ ጣቴ ፀጉሩን አትይዝልኝም» አለችኝ። ትንሿና ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ጣት ደንዝዘዋል። ፀጉር ሠሪ ናት፤ የምትበላው በእነዚያ ጣቶች ነው። ክርኗ ጠንካራው የክንድ ማስቀመጫ ጠርዝ ላይ ለሰዓታት አርፎ ነርቩ ተጨቁኖ ነው። እየቆየ ተሻላት፣ ግን ወራት ወሰደ። ወፍራም ንጣፍ ቢኖር፣ መዳፏ ወደ ላይ ዞሮ ቢሆን ምናልባት አይደርስባትም ነበር። ዛሬ ክንድ ስዘረጋ ከ90 ዲግሪ አላሳልፍም፣ መዳፉን ወደ ላይ አዞራለሁ፣ ክርኑን በጣቴ ነክቼ አያለሁ። ይህ ንጣፍ ለእኔ ዋጋው ከዚያች ሴት ጣቶች ጋር የተያያዘ ነው።

የተረከዝ ማቀፊያው ደህና ነው። ብዙ የምለው የለኝም።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን። አንደኛ፣ ሆርስሹውን የሚይዘው ክላምፕ (ማሰሪያ) ሲመጣ ቴብላችን (የኦፕሬሽን አልጋችን) ላይ አልገባም። የቴብል ጎን ላይ ያለው ሬይል (ዕቃ የሚታሰርበት ብረት) እንደ አገሩ ይለያያል፤ የአውሮፓው 25 በ10 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሜሪካው ወደ 28.6 በ9.5። እንደ እኛ አንዱ ቴብል በእርዳታ የመጣ፣ ሌላው በግዢ የመጣ ከሆነ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ሻጩ አልጠየቀም፣ እኛም አልለካንም፤ ዕቃው ሁለት ወር መጋዘን ተቀመጠ። እባካችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ባዮሜዲካሉን (የሕክምና መሣሪያ ባለሙያውን) ጠርታችሁ ሬይሉን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ፣ ቁጥሩንም ፕሮፎርማው ላይ አስጽፉ።

ሁለተኛ፣ ፎሙ። መስታወቱና ማስቀመጫው ይቆያሉ፤ ፎሙ ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን አላቂ ነው፣ ምራቅና ላብ ይመጠዋል፣ ታጥቦ አይነጻም። አስመጪው ከመጀመሪያው ዕቃ ጋር አሥር ሰጠን፤ ሲያልቅ «በሚቀጥለው ጭነት» ማለት ጀመረ። ለወራት መስታወቱን ይዘን ቀረን፣ አጫጭሩን ኦፕሬሽን በሆርስሹ እየሠራን። አላቂውን ለዓመት የሚበቃ ሳያስፈርሙ መግዛት ስህተት ነው። ሦስተኛ፣ የሕፃኑ ቀለበት ስፌቱ ተከፍቶ ጄሉ ወጣ፤ ለመቀየር አራት ወር ፈጀ። አራተኛ፣ የአዲስ አበባ ጠዋት ጄሉን በረዶ ያደርገዋል፤ ሰውነት ያቀዘቅዛል፣ በተለይ ሕፃን። እኛ ከመጋዘን ማታ አውጥተን ክፍሉ ውስጥ እናሳድረዋለን።

አያያዙም ላይ ጥቂት። ከላይ አንድ ስስ ጨርቅ ብቻ አድርጉ፤ ብርድ ልብስ ደራርባችሁ ካነጠፋችሁ ጄሉን የገዛችሁት በከንቱ ነው። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ አይገባም። ጠንካራ በረኪና ሽፋኑን ያደርቀዋል። የድራፕ (የኦፕሬሽን መሸፈኛ ጨርቅ) መቆንጠጫና መርፌ ከአጠገቡ ይራቅ፤ አንዱን የክንድ ንጣፍ ያጣነው በአንድ ቀዳዳ ነው። ደግሞ ጠፍጣፋ ይቀመጥ፣ አይታጠፍ።

ይህ ሁሉ ግን ራስን በፒን አጥብቆ የሚይዘውን ሜይፊልድን አይተካም። የአንጎል ኦፕሬሽን የምትሠሩ ይህን ታውቃላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ሻጭ «ሆርስሹው ለሁሉም ይሆናል» ሲላችሁ አትመኑ። የሲንሲናቲው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፍራንክ ሜይፊልድ ስም የተሰጠው መያዣ ራስ ቅልን በሦስት ፒን ይነክሳል፤ በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው አንድ። ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ 60 ፓውንድ ይጠበቃል፤ ማጥበቂያው ላይ አንድ መስመር 20 ስለሆነ ሦስት መስመር ይወጣል። ፒኑ ሲገባ ደም ግፊት ስለሚዘል ማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይነገረው። ከመሣሪያው ሁሉ እኔ የማየው መገጣጠሚያው ላይ ያሉትን ኮከብ የሚመስሉ ጥርሶች ነው፤ ጥርስ በጥርስ ሳይገጥም ብሎኑ ከጠበቀ እጅ ሲነካው የያዘ ይመስላል፣ መሃል ላይ ግን ይለቃል። የትንንሽ ሕፃናት ቅል ስስ ስለሆነ ፒን አይቻልም፤ ለእነሱ የጄል ሆርስሹ ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ የሕፃን መጠኑን አትዝለሉ።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ከሆነ ወዲህ ያየሁት ፕሮፎርማ ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው። ገንዘብ ከጠበባችሁ ግን ሙሉውን አትጠብቁ። ክንድ የማይዘረጋበት ኦፕሬሽን ጥቂት ነው፣ ራስ የማያርፍበት የለም፤ በክንድ ንጣፍና በክቡ ራስ ማሳረፊያ ጀምሩ። አከርካሪ ከሠራችሁ ቀጥሎ ሮሎቹ፣ ከዚያ ፎሙ ከነአላቂው። የተረከዙ ይቆይ። እኛም መጠባበቂያ ለመያዝ ሁለት የሕፃን ቀለበት ጠይቀናል፤ ሬይሉን ለክተን፣ የስፌቱን ዋስትና አስጽፈን።