ለአባባ የገዛሁት የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፦ ከሁለት ወር በኋላ

ሬዲዮውን የገዛሁት መስከረም መጀመሪያ ላይ መርካቶ ነው። 8,500 ብር። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ኤፍ ኤም ብቻ የሚይዝ ሬዲዮ በጣም በረከሰ ዋጋ ይገኛል። እኔ የፈለግኩት ግን አጭር ሞገድ የሚስብ ነበር፤ ደሴ ላሉት አባቴ።

አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውጭ ጣቢያ አዳምጠዋል። በደርግ ጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ነበር የሚሰሙት። መጋቢት 2002 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛን የዘር ጭፍጨፋ ካቀጣጠለው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር ሲያመሳስሉት፣ ስርጭቱ መታፈን ጀምሮ ነበር። ያን ድምፅ እኔም አልረሳውም። ሳሎናችን ውስጥ የእህል ወፍጮ የተተከለ ነው የሚመስለው። ጣቢያው አንዱን ዝግጅት በተለያዩ ሞገዶች ስለሚልክ፣ አባባ አንዱ ሲታፈን ወደ ሌላው ይዘላሉ። መቃኛውን በጣታቸው ጫፍ ነካ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው። የያዘላቸውን ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚጽፉበት የተማሪ ደብተር ነበራቸው።

ግንቦት 2010 ከውጭ አገር ይሠራጩ በነበሩት በኢሳትና በኦ ኤም ኤን ቴሌቪዥኖች ላይ የነበረው ክስ ተነሣ። ሰኔ ላይ ደግሞ ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ። አባባ አሮጌውን ሬዲዮ አቧራውን ጠርገው ለጎረቤት ሰጡት። «ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሁላችንም እንደዚያ ነበር ያሰብነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ድርጅት በሚያወጣው ደረጃም አገራችን ከ150ኛ ወደ 110ኛ ከፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ180 አገሮች 145ኛ ሆናለች። ያኔ ወደ ነበርንበት ልንመለስ አምስት ደረጃ ነበር የቀረን።

2015 መጨረሻ ላይ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው አባባ ያቺን ሬዲዮ አብዝተው ያነሷት። ለወራት ስደውልላቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ «ምን ተባለ?» ይሉኝ ነበር። እኔም በስልክ ምን ብዬ ልንገራቸው? እየፈራሁ፣ ቆራርጬ። አዲስ ሬዲዮ ልግዛላቸው ያልኩት ያኔ ነው። እስክገዛው ሁለት ዓመት መዘግየቴ ይቆጨኛል።

ወደ ዕቃው ልግባ። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ነው፤ ከወፍራም መጽሐፍ አይበልጥም። ባትሪው እንደ ድሮዎቹ ትንንሽ የኖኪያ ስልኮች ባትሪ ነው፣ ስለዚህ ቢሞት ደሴም ይገኛል። ሞገድ ሲፈልጉ ቁጥሩን በቀጥታ መምታት ይቻላል። አባባ የወደዱት ይሄን ነው። ድሮ አሥር ደቂቃ የሚፈጅባቸው ፍለጋ አሁን አምስት ቁልፍ መጫን ነው። ጠባብና ሰፊ የመስሚያ ምርጫም አለው። ጎረቤት ሞገድ ሲገባበት ጠባቡን ማድረግ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ይታፈናል እንጂ ንግግሩ ይለያል።

የማልወደው ቁልፎቹን ነው። አንዱ ቁልፍ ሁለት ሦስት ሥራ አለው፤ አጭር ሲጫኑት ሌላ፣ ቆይተው ሲጫኑት ሌላ። ጽሑፉ ለሽማግሌ ዓይን አይሆንም። መመሪያው እንግሊዝኛና ቻይንኛ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፌ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ግድግዳው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። አንቴናውም ቀጭን ነው። ለሩቅ ጣቢያ አይበቃም። አምስት ሜትር የመዳብ ሽቦ ከመስኮቱ አንሥተን ግቢ ውስጥ ካለው ጽድ ጋር ስናስረው ነው ነፍስ የዘራው። ይህን ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ሽቦውን አብሮ ይግዛ።

የመጀመሪያው ምሽት አልረሳውም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅን ስንከፍት አንድ የሚያንዛዛ ድምፅ ዋጠው። አባባ ፊታቸው ጠቆረ። «አፈኑት» አሉ። እጃቸው ወዲያው ወደ ሌላ ሞገድ ሄደ፣ ልክ እንደ ድሮው። እዚያም ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በባትሪ ነው፤ ድምፁ ኩልል ብሎ ወጣ። ለካ የሚያንዛዛው የሳሎኑ ኤል ኢ ዲ አምፖልና የስልኬ ቻርጀር ኖሯል። አሁን ዜና ሰዓት ላይ አምፖሉን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያዳምጡት። እኔ ግን ልቤ ላይ የቀረው ያ «አፈኑት» ያሉት ነገር ነው። አንድ ሰው ሬዲዮ ሲንጫጫበት መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ መንግሥት ከሆነ፣ ስንት ዓመት ቢታፈንበት ነው?

ጥቅምት 2018 ላይ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዘጋቢዎችን ከሥራ አገደ። ሬዲዮው እንደ ድሮው ይሠራል። ሞገዱ ይገባል፣ ሽቦው ይስባል፣ አምፖሉ ጠፍቷል። ያኔ የጎደለው ከአገር ቤት የሚመጣው የዘጋቢ ድምፅ ነበር። አባባ ወዲያው ለዩት፤ የዘጋቢዎቹን ድምፅ እንደ ዘመድ ድምፅ ነው የሚያውቁት። ወፍጮው ሳሎን ውስጥ ሲጮህ ቢያንስ የሚታፈን ነገር እንዳለ እናውቅ ነበር። ዘጋቢው ቦታው ላይ እንዳይገኝ ሲደረግ ግን ምንም አይጮህም። የሚታፈነው ዜናው ሳይሠራ ነው። ለዚህ የትኛውም አንቴና አይደርስም።

ሚያዝያ 2017 ላይ የጸደቀው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ማሻሻያ ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣንን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ አዙሯል። ዋና ዳይሬክተሩንም የሚሾሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነዋል። ያኔ ብዙ ሰው የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብሎ አለፈው። እኔም አልፌዋለሁ።

ልግዛ ወይ ለሚል ሰው፦ አዎ፣ ግዙ። በተለይ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አካባቢ ወላጅ ያላችሁ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋ እንዲያውም ይጠራል፣ ማን ምን እንዳዳመጠም የሚመዘግብ የለም። ቁልፎቹን ለማስተማር ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ መድቡ።

ሬዲዮው ሞገድ በሚያስቀምጥበት ማስታወሻ ላይ አንደኛ ቁጥር የጀርመን ድምፅ ነው። ሁለተኛው ላይ አባባ ከደብተራቸው አይተው ያስገቡት የአሜሪካ ድምፅ የድሮ ሞገድ አለ። እሱን የዘጋው የኛ መንግሥት አይደለም፤ መጋቢት 2017 ላይ ሠራተኞቹን ቤታችሁ ተቀመጡ ያለችው ዋሽንግተን ናት። ባለፈው ስሄድ ከፈትኩት፤ ሹሹታ ብቻ ነው። ቦታ እንዳይዝ ብዬ «ላጥፋው?» አልኳቸው።

«ተይው» አሉ። «ቁጥሩ ይቀመጥ።»