ጌም ኢንጂኖች ሲነጻጸሩ፦ ስህተቱ የማን ነው?

ጅማ ውስጥ መካከለኛ ላፕቶፕ ይዞ ጌም መሥራት ለሚጀምር ሰው፣ ጌም ኢንጂን ከሚባሉት የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች መካከል አንሪል ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ስለሚጠይቅ፣ ጎዶትን አስቀድማለሁ፤ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ክፍያም የለውም።

በጌም ውስጥ ለሚታይ ስህተት ሁሉ ኢንጂኑን መውቀስ ግን አግባብ አይመስለኝም። ዩኒቲ በተባለው ሌላ ኢንጂን በፍጥነት የተተኮሰች ኳስ ቀጭን ግድግዳ አልፋ ብትሄድ፣ ምክንያቱ ቅንብሩ ካልተነካ ፊዚክሱ (የነገሮች እንቅስቃሴና ግጭት) በየ0.02 ሰከንዱ ስለሚሰላና ኳሷ በሁለት ስሌቶች መካከል ከግድግዳው ማዶ ስለምትደርስ ነው፤ ማስተካከያው እዚያው ቅንብሩ ውስጥ አለ፣ የሚዘነጋው ሠሪው ነው።

ስለ አንሪል ፍርዴ ይለያል፦ አዲስ ትዕይንት ሲከፈት ምስሉ ለቅጽበት የሚቆራረጠው ብዙውን ጊዜ የቀለምና የጥላ ስሌት የሚሠሩት ሼደሮች በጨዋታው መሐል ስለሚዘጋጁ በመሆኑ፣ ሠሪው አስቀድሞ ሊያዘጋጃቸው ቢችልም፣ ከፊሉ ጥፋት የኢንጂኑ ነው።