«ሚሞሪው 500 ነው» የተባለልኝ ላፕቶፕ፣ ከ11 ወራት በኋላ

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበር አቀረበልኝ፣ ዕቃውን በጨርቅ ወልውሎ ፊቴ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ሚሞሪው ደግሞ 500 ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። ከዚያ በላይ ምን መፈለግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና 24 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ዛሬ፣ 11 ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ፣ በዚህ ማሽን ላይ ያለኝ ቅሬታም ሆነ ምስጋና ከዚያች «ሚሞሪ» ከምትባል ቃል አይርቅም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ላፕቶፕ የፈለግሁት ፈተና ለመተየብ፣ ስም ጠሪ የሆንኩበትን ክፍል ሮስተር በኤክሴል ለመሥራትና አልፎ አልፎ ከኢንተርኔት የማስተማሪያ ጽሑፍ ለማውረድ ነው። ስክሪኑ 14 ኢንች ነው፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለ እነዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ችግሩ ቀርፋፋነቱ ነበር፤ ቀርፋፋ ስል ግን እንዲሁ የዘገየ ማለቴ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቡና መቁላት ስትጀምር እኔ ማብሪያውን እጫናለሁ። ቡናው ተቆልቶ ጢሱ ለሁላችንም ሲዞር ዊንዶውስ ገና ነጠብጣቦቹን እያሽከረከረ ነው፤ ኤክሴል ተከፍቶ እስኪረጋጋ ቡናው ተወቅጦ ጀበና ይገባል፤ የ62 ተማሪዎች ሮስተር ከነቀመሩ ፊቴ ሲዘረጋ አቦል ይቀዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ደግሞ ከውስጥ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ይኼ ዕቃ በርበሬ ይፈጫል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ ጥገና ቤት ነው። ባለሙያው ገና ሳይከፍተው «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። በእኛ አገር ፎርማት የኮምፒውተር ጠበል ከሆነ ቆይቷል፤ ለዘገየውም፣ ለሚንተባተበውም፣ ጨርሶ ለማይበራውም የሚታዘዘው እሱ ነው። ሥራው ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ የተከማቸ አላስፈላጊ ፕሮግራም ካለ ያቀላል እንጂ የዕቃውን አቅም በአንድ ባይት እንኳ አይጨምርም። አንድ ጊዜ የካቲት ላይ፣ ሌላ ጊዜ ሚያዝያ ላይ ተደረገልኝ። ሁለቱንም ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል የተሻለ መሰለኝና ተመልሶ ወደ ልማዱ ገባ። በሁለተኛው ፎርማት ደግሞ ለ11ኛ ክፍል ያዘጋጀሁት ፈተና አብሮ ተጠረገ። ፍላሽ ላይ አለመገልበጤ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሳይጠይቀኝ መጥረጉ ግን የእሱ ነው፤ ይህን አልተውለትም።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃውን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ የእህቴ ልጅ እዚያ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይማራል። መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዬ ያበራሁት ላፕቶፕ ሥራ የጀመረው ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነበር፤ እኔም ጠመዝማዛውን ሁሉ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ሮስተር እያየሁ ጨረስኩት። ልጁ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ በውስጡ እኮ የሚሽከረከር ሰሃን አለ፤ እየሠራ እንደዚያ አይናጥም» አለኝ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጫነና እኔ ከቶ አይቼው የማላውቀውን መስኮት ከፈተ፤ ታስክ ማናጀር ይሉታል። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈጽመው ክፍል፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ 9 በመቶ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሏል። ሚሞሪ በሚለው መስመር ላይ ደግሞ 3.5 ከ3.9 ጊጋባይት፣ 90 በመቶ ይላል። «500 አሉኝ አላሉም? ይኸውና፣ ሚሞሪዎ 4 ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ ባልገባቸው ሰዎች እንዳልስቅ እኔም አልገባኝም ነበር። ራም የሚባለው፣ በእንግሊዝኛው ሚሞሪ ተብሎ የሚጠራው ክፍል፣ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ ትምህርቱን የሚሰጠው ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሰሌዳው ይጸዳል፣ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ወረቀቱ መደርደሪያው ላይ ይቆያል። የእኔ ላፕቶፕ 500 የሆነ ሰፊ መዝገብ ቤትና 4 የሆነች ጠባብ ሰሌዳ ነበረው። ዊንዶውስ ራሱ ሲነሣ የሰሌዳውን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ብሮውዘርና ኤክሴል ሲጨመሩ ቦታው ያልቃል። ቦታ ሲያልቅ ዊንዶውስ ሰሌዳው ላይ ካለው ከፊሉን ወደ ዲስኩ እየገለበጠ ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ መልሶ ያመጣል። ያ ቅጭ ቅጭ የሚለው ድምፅ ይኸው ምልልስ ነበር። የእኔ ዲስክ ሰሃን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለሰው ዓይን ቅጽበት የሆነው ነገር በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ትእዛዝ ለሚፈጽም ፕሮሰሰር ተላላኪ ልኮ ደጅ መጥናት ነው።

ሻጩ ይህን ቢያነብ «ጋሼ፣ እኔ አልዋሸሁም፤ እሱም ሚሞሪ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ቋንቋችንም አግዞታል። ሞባይል ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ሚሞሪ ማለት ዘፈንና መንዙማ የሚጫንባት ትንሽ ካርድ ናት፤ ስለዚህ ማንኛውም ደሴዬ «ሚሞሪው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስንት ዘፈን ይይዛል ማለቱ ነው። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ሙሉውን ሣጥን «ሲፒዩ» ትለዋለች፤ ሲፒዩ ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለ፣ ከክብሪት ቤት የማይበልጥ ቺፕ ነው፤ ማለትም ፕሮሰሰሩ። እሷ ስለማትሸጠው ግድ የለኝም። ኮምፒውተር ሽጦ የሚያድር ሰው ግን የራምና የሃርድ ዲስክን ልዩነት አላውቅም ሊለኝ አይችልም፤ ቢያውቅና ዝም ቢል ደግሞ የባሰ ነው።

በአንድ ነገር ግን በደልኩት። ገዝቼ በገባሁ ማግስት ዲስኩ 500 ሳይሆን 465 ጊጋባይት የሚል ቁጥር አሳየኝና 35ቱን ቆርሶ አስቀርቷል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስረግመው ከረምኩ። ለካስ ፋብሪካው 500 የሚለው 500 ቢሊዮን ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ግን አንድ ጊጋባይት ብሎ የሚቆጥረው 1,073,741,824 ባይቱን ነው፤ ሲካፈል 465 ይመጣል። የትኛውም ሱቅ ቢገዛ ያው ነው። በዚህ ሻጩ ንጹሕ ነው፤ እርግማኔን አንሥቻለሁ።

ኮር አይ ፋይቭ የሚለውን ግን አላነሣም። 5 ሲባል አምስት ኮር መስሎኝ ነበር፤ ኮር ማለት በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ ትእዛዝ የሚፈጽም ክፍል ነውና። የእኔ ፕሮሰሰር አይ5-6300ዩ ነው፤ ያሉት ኮሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ከሰረዙ በኋላ ያለችው 6 የትውልዱን ቁጥር ታመለክታለች፤ የስድስተኛው ትውልድ፣ በፈረንጆች 2015 የወጣ ማለት ነው። በፈረንጆች 2017 የወጣው አይ5-8250ዩ በዚያው «አይ ፋይቭ» በሚለው ስም አራት ኮር አለው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሌላ። ደብተሩን ሳይገልጥ «ጎበዝ ተማሪ ነው» ብሎ የሚመሰክር መምህር ቢኖር እንደዚህ ነው።

ጥገናው ያለቀው በአንድ ከሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ግዛ ብሎ ላከኝ፤ ራሙን ስገዛ ዓይነቱን አልጠየቅሁምና ዲዲአር3 ይዤ መጣሁ። የላፕቶፑ ዲዲአር4 ነበር፤ በጠርዙ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከሶኬቱ ጥርስ ጋር ስለማትገጥም በግድ ልግባ ቢልም አይገባም። ደግነቱ ባለሱቁ ሳያጉረመርም ለወጠልኝ። ልጁ ላፕቶፑን ትሪ ላይ ገልብጦ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ ሲኒ ውስጥ ይጥላል፤ እኔ እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ። የተንቀሳቃሽ ክፍል ዘር የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ ቺፕ የሆነው ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስኩ ቦታ ልክ ገባ፤ መጠኑም መሰኪያውም አንድ ነው። ሲዘጋ አሥሩ ተመለሱ፤ አንዷ ሲኒው ውስጥ ቀረች፤ ቦታዋ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ይቸግረኛል፤ ለአምስት ወራት የተራገምኩበትን ዕቃ አሁን ማመስገን ሰውን ያሳፍራል። ማብሪያውን ተጭኜ መነጽሬን ጠርጌ ዓይኔ ላይ ሳደርግ ዴስክቶፑ መጥቷል። ሮስተሩ የሚከፈተው ቡናው ገና ሳይታጠብ ነው። ዲስኩ በ256 ፋንታ 238 ቢለኝም ከማንም አልተጣላሁም። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፣ ስክሪኑ ያው ነው፤ ለካ ማሽኑ ሰነፍ አልነበረም፣ ሥራ እስኪደርሰው ሲጠብቅ ነው የከረመው። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ኬዝ ገዝቼለት በዩኤስቢ የሚሰካ አድርጌዋለሁ፤ ፈተናዎቼን በየሳምንቱ እገለብጥበታለሁ። ሐረጎን ግን አያያትም።

የማይለቀኝ ቅሬታ አንድ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፉ፣ ማለትም የደኅንነት ማሻሻያው፣ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የእኔ ስድስተኛው ነው። ሻጩ ጥር ላይ ያቺን አንዲት ቁጥር ቢነግረኝ ጥቂት ሺህ ጨምሬ ስምንተኛውን እወስድ ነበር፤ ወይም አልወስድም ነበር፣ ኪሴን ስለማውቀው። መምረጡ ግን የእኔ ይሆን ነበር። በደስታዬ ቀን ለጓደኞቼ ግዙ እላለሁ፤ ስለዚህች 6 ባሰብኩ ቀን ደግሞ አትግዙ። ዛሬ የምጽፈው ሮስተር አስረክቤ በመጣሁበት ቀን ነውና ግዙ።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ያው ወጣት ሌላ ላፕቶፕ በጨርቅ እየወለወለ ለአንዲት እናት «ሚሞሪው 500 ነው፣ እማማ» ሲል ሰማሁት። እግሬ አላልፍ አለኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ «ራሙስ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ አወቀኝም፤ ፈገግ ብሎ መለሰልኝ።

«እሱማ አለው፣ ጋሼ።»